የልብ ሕመም እና የእንቅልፍ ክኒን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልቡን የሚያመው ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ጎረቤቱ ሁሉ መድኃኒት ያውቃል። አንዷ "እኔ የምወስዳት ክኒን አለች፣ ግማሿን ሞክራት" ትላለች። ሌላው ከአሜሪካ የመጣ ሜላቶኒን ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው አንድ መለኪያ አረቄ ያዛል። ሁሉም ከፍቅር ነው። ነገር ግን የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ሦስቱም የየራሳቸው አደጋ አላቸው። ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ ደጋግመው የሚመጡብኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ። ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ልቤን ያመኛል፣ እንቅልፍም የለኝም። የእንቅልፍ ክኒን መውሰድ እችላለሁ?

አንዳንዱን፣ ለአጭር ጊዜ፣ የልብ ሐኪምዎ እያወቀው፣ አዎ። በራስዎ ገዝተው ወይም ከሰው ተቀብለው ግን አይሆንም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ። ሌሊት የሚያነቃዎት ምንድን ነው? ይህን ሳያውቁ ክኒን መዋጥ ትልቁ ስህተት ነው። የልብ ሕመምተኛ እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ልቡ ራሱ ነው፣ አለዚያም ለልቡ የሚወስደው መድኃኒት።

እሺ፣ የሚያነቃኝ ምን ሊሆን ይችላል?

መጀመሪያ ትራስዎን ይቁጠሩ። ልብ ሲደክም ደምን በደንብ አይገፋም፣ ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀን ቀን ቆመን ስንውል ፈሳሹ ወደ እግር ይወርዳል። ማታ ጋደም ስንል ወደ ደረት ይመለሳል። ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። አምና በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ዘንድሮ ሦስት ትራስ ከፈለገ፣ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ ማደር ከጀመረ፣ ችግሩ እንቅልፍ አይደለም። ልቡ እየደከመ ነው።

ሌሊት 7 ወይም 8 ሰዓት ላይ ታፍኖ ብድግ የሚል፣ መስኮት ከፍቶ አየር የሚፈልግ ሰውም እንዲሁ ነው። ይህን ብዙ ሰው "ዱካክ ያዘኝ" ብሎ ያልፈዋል። እባክዎ አይለፉት። ዱካክ ሰውነትን አስሮ ይይዝና ይለቃል። የልብ ድካም ግን ተቀምጠው አየር እስኪስቡ ድረስ አይለቅም፣ ሳልም ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ላለ ሰው የእንቅልፍ ክኒን ከሰጡት፣ መንቃት የሚገባው ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ይህን ገጽ የጻፍኩት ከሁሉም በላይ ለዚህ አንድ ነገር ነው።

ሁለተኛው የላሲክስ ሰዓት ነው። ፉሮሴማይድ፣ ማለትም ላሲክስ፣ በተዋጠ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምራል። ሥራው ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ማታ 2 ሰዓት የዋጠው ሰው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል። ከዚያ "እንቅልፍ የለኝም" ብሎ ክኒን ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ ላሲክስ ጠዋት ይወሰዳል። በቀን ሁለቴ የታዘዘለት ሰው ሁለተኛውን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢወስደው ይሻላል።

እዚህ ላይ ጾም ይገባል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናቶች የጠዋቱን መድኃኒት ወደ ማታ ይገፉታል። በረመዳንም የጠዋቱ ከመግሪብ በኋላ ይሆናል። ጾሙ ሳይገባ ሐኪምዎን ያማክሩና ሰዓቱን አብራችሁ አስተካክሉት። ሐኪም ይቆጣኛል ብለው አይደብቁ።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆችም ልብ በሉ። ጠርሙሱ ላይ "8 ኤኤም" ተብሎ የተጻፈው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በስልክ "እማዬ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ውሰጂው" ስትሏት እሷ የምትሰማው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓትን ነው። "8 ፒኤም" የተባለውንም እንዲሁ። የስድስት ሰዓት ልዩነት የልብ መድኃኒት ላይ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ የልብ ምትን የሚያረጋጉት እነ ፕሮፕራኖሎልና ሜቶፕሮሎል አንዳንዱን ሰው ያቃዡታል። ሰውነት ማታ ማታ የሚያመነጨውን ሜላቶኒንም ይቀንሳሉ። ታዲያ "ቅዠት አመጣብኝ" ብለው በራስዎ እንዳያቆሙት። በድንገት ሲቆም ልብ በኃይል መምታት ይጀምራል፣ የደረት ሕመምም ሊቀሰቅስ ይችላል። ሐኪሙ ሰዓቱን ወይም ዓይነቱን ይቀይርልዎታል።

ለግፊትና ለልብ የሚታዘዘው ኢናላፕሪል ደግሞ ደረቅ ሳል ያመጣል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያስለው ሰው የሳል ሽሮፕና የእንቅልፍ ክኒን ከመደራረቡ በፊት ይህን ለሐኪሙ ይንገር። ወደ ሎሳርታን ዓይነት ሲቀየርለት ሳሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ቡናም አለ። ሰውነታችን ቡና ውስጥ ያለውን የሚያነቃቃ ነገር፣ ካፌይንን፣ በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 10 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የተነሳ ሰው ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደሙ ውስጥ ነው። ቡና ይቅር አላልኩም። የከሰዓቱ ቡና ወደ ጠዋት ይምጣ።

ጎረቤቴ ዲያዜፓም ሰጠችኝ። ጥሩ አድርጎ አስተኛኝ። ልቀጥል?

አይቀጥሉ። ማስተኛቱን ያስተኛል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ዲያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ቅሪቱ ለቀናት ይቆያል። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ፣ ልቡ ደክሞ ጉበቱ ደም ባነሰው ሰው ላይ ደግሞ ይጠራቀማል። የሰኞው ክኒን ሳይወጣ የማክሰኞው ይደረብበታል። ሐሙስ ላይ አባባ ይደናበራሉ፣ ቃላት ይጠፋቸዋል፣ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ይወድቃሉ። ቤተሰቡ "እርጅና ነው" ይላል።

ትንፋሽንም ያደክማል። በተለይ በእንቅልፍ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ላይ ከባድ ነው። ከትራማዶል ወይም ከሌላ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር ከተወሰደ ገዳይ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይወሰዱ የመጨረሻውን ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ማሸጊያቸው ላይ እንዲጻፍ ያዘዘው ለዚህ ነው። በ2020 ደግሞ ስለ ሱሱ ሌላ ማስጠንቀቂያ ጨመረ።

እኛ አገር ዲያዜፓም የሚሸጠው በልዩ የማዘዣ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ሰውን ለማስቸገር የመጣ አይደለም። ብሮማዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ አልፕራዞላም ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። "ይቺ ቀለል ያለች ናት" የሚባል ነገር አያታልልዎ።

ለዓመታት ስወስደው ኖሬአለሁ። አሁን ልጣለው?

በፍጹም በአንድ ቀን አይጣሉት። በየቀኑ ለሳምንታት ወይም ለወራት የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ልቡ ይመታል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱን ያንዘፈዝፈዋል። ይህ ለታመመ ልብ ትልቅ ሸክም ነው። ሐኪም ቀስ በቀስ ያወርድልዎታል፣ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት። አያፍሩ። ይህ ክኒን ላይ የቀረ ሰው ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ የመድኃኒቱ ባሕርይ ነው።

አሚትሪፕቲሊን ለነርቭ ታዞልኛል። እንቅልፍም ያመጣል። ለልብ ደህና ነው?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሁሌም ቆም እላለሁ። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ ለራስ ምታትም ለነርቭ ሕመምም ይታዘዛል። በትንሽ መጠን ብዙ ሰው ይጠቅማል። ነገር ግን የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ይነካል። ምቱን ያፈጥናል፣ አንዳንዴም ያዛባል፣ ከአልጋ ሲነሱ ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። በቅርቡ የልብ ድካት፣ ማለትም ድንገተኛው የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ የደረሰበት ሰው ጨርሶ መውሰድ የለበትም። የልብ ምቱ የሚዛባ ሰውም እንዲሁ።

አንዲት የማውቃቸው እናት የልብ ድካም እያለባቸው ሌላ ክፍል ለእግር ማቃጠል ብሎ አሚትሪፕቲሊን አዘዘላቸው። የልብ መድኃኒት እንደሚወስዱ ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ስተው ከወደቁ በኋላ ነው የታወቀው። ለመናገር የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነበር።

መደራረቡን ይፍሩ። አሚዮዳሮን፣ ሶታሎል፣ አዚትሮማይሲን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ፕሮሜታዚን፣ ሲታሎፕራም፤ እነዚህ ሁሉ በየራሳቸው የልብን ምት ሊያዛቡ ይችላሉ። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኙ አደጋው ይጨምራል። በዚህ ላይ ላሲክስ ፖታሲየምን አጥቦ ካወጣው ይብሳል። ስለዚህ ሐኪምዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ "ኢሲጂዬን (የልብ ምት ምርመራዬን) አይተውታል? ፖታሲየሜስ ስንት ነው?"

ከአሜሪካ የሚመጣው "ፒኤም" የሚለውስ? ያለ ሐኪም ወረቀት ነው የሚሸጠው።

ያለ ወረቀት መሸጡ ለሁሉም ሰው ደህና ነው ማለት አይደለም። ታይሌኖል ፒኤም፣ አድቪል ፒኤም፣ ዚኩዊል፤ ሦስቱም ውስጥ የሚያስተኛው ዳይፈንሃይድራሚን ነው። የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ እንቅልፉ የጎን ውጤቱ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ልብ ያስመታል፣ ፕሮስቴት ያለባቸውን አባቶች ሽንት ይከለክላል፣ አረጋውያንን ያደናብራል። በጥቂት ቀናት ውስጥም ሰውነት ይለምደዋል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት እንዳይታዘዝ መክሯል።

አድቪል ፒኤም ላይ ኢቡፕሮፌን ተጨምሮበታል። ኢቡፕሮፌን ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋል። የልብ ድካም ላለበት ሰው ያን ሳምንት ላሲክስ አልወሰደም እንደማለት ነው። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል።

ለጉንፋን ተብለው የሚሸጡ የማታ ሽሮፖችም አሉ። አንዳንዶቹ አፍንጫ የሚከፍት ፌኒሌፍሪን አለባቸው፣ እሱ ግፊት ይጨምራል። አንዳንዶቹ አልኮል አለባቸው። ሻንጣ ውስጥ የመጣውን ሁሉ ወደ አፍ ከመክተት በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ለፋርማሲስት ያሳዩ።

ሜላቶኒን ተፈጥሯዊ ነው ይባላል። እሱስ?

ከሌሎቹ ሲተያይ ቀለል ያለ ነው። ማታ ሲመሽ አንጎላችን ራሱ ያመነጨዋል። ሰዓት ለተዛባበት ሰው፣ ለምሳሌ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በርሮ ለገባ ሰው፣ ለጥቂት ቀናት ይጠቅማል። ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ግን የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው።

ሦስት ነገር ይወቁ።

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ ማሟያ ነው። ቁጥጥሩ ላላ ያለ ነው። በ2017 በወጣ ጥናት ካናዳ ውስጥ የተሸጡ 31 ዓይነት ሜላቶኒኖች ሲመረመሩ፣ አንዳንዱ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው በ83 በመቶ ያነሰ፣ አንዳንዱ በ478 በመቶ የበለጠ ይዞ ተገኘ። 3 ሚሊግራም የወሰዱ መስሎዎት 15 ሊወስዱ ይችላሉ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከመድኃኒት ጋር ይጋጫል። ከዋርፋሪን ጋር ደም ማቅጠኑን ሊያበዛው ይችላል። ለግፊት ኒፈዲፒን የሚወስዱ ሰዎች ላይ ደግሞ ግፊቱን ከፍ እንዳደረገ የታየበት ጥናት አለ።

ሦስተኛው አዲስ ነው። በኅዳር 2025 በአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉባኤ ላይ አንድ ጥናት ቀረበ። እንቅልፍ ከሚያጡ ሰዎች መካከል ሜላቶኒንን ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰዱት፣ ካልወሰዱት ይልቅ የልብ ድካም በብዛት ታይቶባቸዋል ይላል። ዜናው በየቴሌግራሙ "ሜላቶኒን ልብ ይገድላል" ተብሎ ዞረ። ጥናቱ ግን እንዲህ አላለም። ሁለቱ አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አላሳየም። ምናልባት ልባቸው ቀድሞ መድከም የጀመረ ሰዎች እንቅልፍ አጥተው ይሆናል ሜላቶኒን የጀመሩት። ቢሆንም ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። ለዓመታት በየማታው የሚዋጥ ነገር መሆን የለበትም። ከወሰዱም በትንሹ ይጀምሩ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም፣ ለጥቂት ሳምንታት፣ ሐኪምዎ እያወቀ።

ዞልፒዴም የሚባለው የእንቅልፍ ክኒንስ?

በሐኪም ትዕዛዝ ለአጭር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በ2013 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሴቶችን መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም አውርዶታል፣ ምክንያቱም ጠዋት መኪና ሲነዱ መድኃኒቱ ገና ደማቸው ውስጥ ይገኝ ነበር። በ2019 ደግሞ ተኝተው የሚሄዱ፣ ምግብ የሚሠሩ፣ መኪና የሚነዱ ሰዎች በመታየታቸው ከባድ ማስጠንቀቂያ ተጨመረበት። ለ7 ወይም ለ8 ሰዓት ያህል ሙሉ መተኛት የማይችሉ ከሆነ አይውሰዱት። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዱና ጠዋት በማለዳ የሚወጡ ወንድሞች ይህን በተለይ ያስቡበት።

ዋርፋሪን እወስዳለሁ፣ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ አለኝ። ለእኔ የተለየ ነገር አለ?

አለ። እኛ አገር በልጅነት ጉሮሮ ሕመም ጀምሮ ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ወጣቶችን ይዟል። ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስዱ የሃያና የሠላሳ ዓመት ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ደም ለሚያቀጥን ሰው መውደቅ ማለት ሌላ ነገር ነው። ጭንቅላትን መታ ያደረገ ትንሽ አደጋ ውስጥ ውስጡን ደም ሊያፈስ ይችላል። የሚያንገዳግድ ማንኛውም የእንቅልፍ ክኒን ለእርስዎ ይህን አደጋ ይዞ ይመጣል። ጭንቅላትዎን ከተመቱ፣ ደህና ነኝ ቢሉም፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ዕፅዋትም ከዚህ አይወጡም። "ሴንት ጆንስ ዎርት" የሚባለው የውጭ አገር ቅጠል የዋርፋሪንንም፣ የልብ መድኃኒት የሆነውን የዲጎክሲንንም ኃይል ይቀንሳል፣ ቫልቭ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። የካሞሚል ሻይ በተቃራኒው ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸውና ዋርፋሪን የሚወስዱ አንዲት አሮጊት ካሞሚል በብዛት ጠጥተውና ተቀብተው ውስጣቸው ደም እንደፈሰሰ ካናዳ ውስጥ በሕክምና መጽሔት ተመዝግቧል። አንድ ሲኒ ሻይ ሰው አይገድልም። ግን አዲስ ነገር በየቀኑ መጠጣት ከጀመሩ አይኤንአር (የደምዎን መቅጠን የሚለካውን ምርመራ) የሚያዩልዎት ሰዎች ይወቁት። ቤት ውስጥ ተቀቅሎ በብርጭቆ ስለሚጠጣ ማንኛውም ቅጠልም የምለው ይኸው ነው።

ማታ አንድ ብርጭቆ ጠጅ ወይም አረቄ አይሻልም?

አይሻልም። ቶሎ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ልብንም ያዘልላል። ከእንቅልፍ ክኒን ጋር ከተቀላቀለ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጫትን ለብቻው ልናገር። ጫት የልብን ምት ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የልብን የደም ሥሮች ያጠባል። ከልብ ድካት ጋር መያያዙም በጥናት ታይቷል። ቅሞ የመጣ ሰው ማታ እንቅልፍ ሲያጣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይሄዳል፣ ወይም ዲያዜፓም ይውጣል። ከሰዓት ልብን አስሩጦ ማታ ደግሞ በክኒንና በመጠጥ ማነቅ ነው። እንዲህ የሚያደርግ የልብ ሕመምተኛ እንቅልፍ የሚያመጣለት ክኒን ፍለጋ አይምጣ፣ ጫቱን ይተው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሐኪም ሳይፈርድበት ሊረዳው ይገባል።

ባለቤቴ ያንኮራፋል፣ አንዳንዴ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። የእንቅልፍ ክኒን ልስጠው?

አይስጡት። ሚስት የምታየው ይህ ነገር ትልቅ መረጃ ነው፤ እሱ ራሱ አያውቀውም። በእንቅልፍ ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ ሲቋረጥ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ልብ ይደነግጣል፣ ግፊት ይወጣል። ይህ በሌሊት ብዙ አሥር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። በሦስት ዓይነት መድኃኒት የማይወርድ ግፊት ያለበት ሰው፣ ምቱ የሚዛባ ሰው ይህ ችግር ብዙ ጊዜ አብሮት አለ። ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ ቀን ተቀምጦ የሚያንቀላፋም እንዲሁ። በስልክዎ ሲተኛ አንድ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹትና ለሐኪሙ ያሳዩ። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛት፣ መጠጥ መተው፣ አየር የሚገፋ ጭምብል፤ መፍትሔው ከእነዚህ መካከል ነው።

ታዲያ ያለ ክኒን ምን ላድርግ?

የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ከማንኛውም ክኒን በፊት እንዲሞከር የመከረው የእንቅልፍን ልማድና ሐሳብ የሚያስተካክል ሕክምና ነው። ባለሙያ ቢያገኙ ጥሩ። ባያገኙም ዋናው ነገር ቤት ውስጥ ይሠራል።

ምንም ያህል መጥፎ ሌሊት ቢያድሩ ጠዋት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሱ። ከዝርዝሩ ሁሉ ይህን አንዱን ብቻ ቢያደርጉ ይበቃኛል። ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ። ቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ አይተኙ። እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አይውጡ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተገላብጠው ካልመጣ ይነሱ፣ ግን ቀስ ብለው፤ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ሲነሳ ያዞረዋል። ከዚያ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ወንበር ላይ ይቀመጡ። ጸሎት የሚያረጋጋዎት ከሆነ ይጸልዩ። ዱዓ ያድርጉ። ቲክቶክ አይክፈቱ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ፊቱን ያዙሩት።

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ይከብዳሉ። እንቅልፍ እንዲያውም የባሰ ሊመስል ይችላል። ይታገሡ። ልብዎ በጣም የደከመ ከሆነ ወይም የሚጥል በሽታ ካለብዎ የአልጋ ሰዓትዎን በጣም ከማሳጠር በፊት ሐኪም ያማክሩ።

የልብ ድካት ከደረሰብኝ ወዲህ ተኝቼ እቀራለሁ ብዬ እፈራለሁ። ለማን ይነገራል?

ለእኔም ይነገራል፣ ለሐኪምዎም። ይህን ፍርሃት ብዙ ሰው በሆዱ ይዞ ያድራል። "ተኝቶ ቀረ" የሚል ወሬ ሰምቶ ያላደገ ማን አለ? ከልብ ድካት በኋላ ጭንቀትና ድብርት በጣም የተለመዱ ናቸው። ሲታከሙም ይሻላሉ። ለዚህ የሚሰጠው ሕክምና ከእንቅልፍ ክኒን የተለየ ነው። ለልብ የሚመረጡ የድብርት መድኃኒቶች አሉ፣ ምክክርም አለ። እንቅልፍ ለልብ ጠላት አይደለም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 የልብ ጤና መለኪያዎቹን ከሰባት ወደ ስምንት ያሳደገው እንቅልፍን ጨምሮ ነው፤ ለአዋቂ ሰው በየሌሊቱ የ7፣ ቢበዛ የ9 ሰዓት እንቅልፍ። ልብ የሚያርፍበት ሰዓት ነው። ለጥቂት ሌሊቶች አንድ ሰው አጠገብዎ ወይም በሚቀጥለው ክፍል እንዲተኛ መጠየቅም ነውር የለውም።

መቼ ነው ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ?

ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ጨምቆ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካሰመጠዎት፣ ራስዎን ከሳቱ። ክኒን የወሰደ ሰው ሲጠሩት ካልነቃ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ "ይተኛ፣ ደክሞት ነው" አይበሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ 907፣ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998 ይደውሉ። የክኒኑን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ።

በሦስት ቀን ውስጥ ክብደትዎ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ወይም እግርዎ ካበጠ፣ አምቡላንስ ባያስፈልግም በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ይደውሉ። ፈሳሽ እየተጠራቀመ ነው።

ዱባይ ላለችው እህቴ የእንቅልፍ ክኒኗን በሰው ልላክላት?

እባክዎ አይላኩ። ዲያዜፓምና ትራማዶልን የመሳሰሉት በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር አላቸው። ያለ ፈቃድና ያለ ማዘዣ ይዞ የተገኘ ሰው ሊታሰር ይችላል፤ የሚታሰረው ደግሞ ዕቃውን አደራ የተቀበለው ሰው ነው። እዚያው ሐኪም ታማክር።

ሐኪም ጋ ስሄድ ምን ልያዝ?

የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ያዙ፣ ከጎረቤት የተሰጠዎትንም ጭምር። የሰባት ሌሊት ወረቀትም ያዘጋጁ፦ ስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ጊዜ ነቁ፣ ሲነቁ ምን ተሰማዎት፣ ስንት ትራስ ነበር፣ ላሲክሱን በስንት ሰዓት ወሰዱ፣ ጠዋት ክብደትዎ ስንት ነበር። መጻፍ ካልተመቸዎት ልጅ ይጻፍልዎ። ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ስለ እንቅልፍ ክኒን ከማውራትዎ በፊት ያንብበው።